የሳንቲም ደረጃ ምንድን ነው? የተጎዳ የመዳብ ሳንቲምስ እንዴት ይገመታል?

ባለፈው ዓመት የአክስቴን አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። ውስጡ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች ነበሩ። ሃያ ያህሉ ጠቋቁረዋል። ሦስቱ ግን ቦግ ብለው ያብረቀርቃሉ። "እነዚህን በሎሚና በአመድ አሽቻቸው ነው፣ እንዲያምሩልህ ብዬ" አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ። ለሰብሳቢ ዋጋቸውን ያጡት እነዚያው ያማሩት ሦስቱ ናቸው።

ለምን? ይህን ለመረዳት "ደረጃ" የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ ማለት አንድ ሳንቲም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚናገር ሚዛን ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚቆጥረው ነው። 1 ማለት የምን ሳንቲም እንደሆነ ብቻ የሚለይ፣ ፊቱ ያለቀ። 70 ማለት ደግሞ ትናንት የተመታ የሚመስል፣ አንድም ጭረት የሌለው። ሚዛኑ የተወለደው ከመዳብ ነው። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ የአገሩን ጥንታዊ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ለመተመን ብሎ ነበር። ደረጃ 1 የሆነው አንድ ዶላር ካወጣ፣ ያው ዓይነት ሳንቲም ደረጃ 70 ሲሆን ሰባ ዶላር ያወጣል የሚል ስሌት ነበረው። ገበያው ስሌቱን ጥሎት ሄደ። ቁጥሮቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ማለቅና መጎዳት ለየቅል ናቸው።

ማለቅ ከእጅ ወደ እጅ የመዞር ውጤት ነው። ከፍ ብሎ የተቀረጸው ቦታ ቀድሞ ይሄዳል። 1936 ዓ.ም. የሚል የመዳብ ሳንቲም ካላችሁ መስኮት አጠገብ ሂዱና ዘንበል ቀና እያደረጋችሁ እዩት። በአንዱ ገጽ ጃንሆይ፣ በሌላው ዘውድ የደፋው አንበሳ አለ። የጃንሆይ ጸጉር ዘለላው ከተለየ፣ የአንበሳው ጋማ መስመሩ ከታየ ብዙም አልተሠራበትም ማለት ነው። ጸጉሩ አንድ ወጥ ሆኖ ጋማው ከለሰለሰ ብዙ ገበያ ዞሯል። ዘውዱ ጠፍቶ የአንበሳው ጥላ ብቻ ከቀረ፣ የሚዛኑ ግርጌ ላይ ነው።

መጎዳት ሌላ ነው። ሳንቲሙ ይጎብጣል፣ ጠርዙ ይመታል፣ ይፋቃል። እኛ አገር ደግሞ ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ሞልቷል። እንዲህ ያለውን አዋቂ ሰብሳቢ በሁለት እርምጃ ነው የሚገምተው። መጀመሪያ ቀዳዳውን እንዳላየ ሆኖ ቅርጹን ብቻ ያያል። ለምሳሌ ደረጃ 40 ይገባዋል ይላል። ቀጥሎ ስለ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ዋጋው የደረጃ 12 ነው ሊል ይችላል። ምን ያህል ይቀነስ የሚለው የተጻፈ ሕግ የለውም። ጠርዝ ላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳና የንጉሡን ዓይን ያጠፋች ቀዳዳ እኩል አይቀጡም። ደረጃ የሚሰጡ ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ እንዲህ ላለው ሳንቲም ቁጥር አይሰጡም። "ቅርጹ ይህን ይመስላል፣ ግን ተጎድቷል" ብለው ይጽፉበታል።

አሁን ወደ አክስቴ ሎሚ ልመለስ።

መዳብ አዲስ ሲሆን ቀይ ነው። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል። ያቺ ቡናማ ስስ ሽፋን ፓቲና ትባላለች። ቆሻሻ አይደለችም። የሳንቲሙ ቆዳ ናት፤ ከስር ያለውን ትጠብቃለች። ሎሚው ይህን ቆዳ ያሟሟዋል፣ አመዱ ይቧጭረዋል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ሦስቱም ሳንቲሞች ላይ የጣቷ ዙር ይታያል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች፣ ሁሉም ክብ ክብ የሚሄዱ። ቀለሙም ጥሬ ሥጋ የመሰለ ነው። ሰብሳቢዎች መዳብን በቀለም ቀይ፣ ቀይ ቡናማና ቡናማ ብለው ይለያሉ። ውዱ ቀዩ ነው። ግን ከመጀመሪያው ሳይለቅ የቆየው ቀይ እንጂ በእሽታ የመጣው አይደለም።

በጥንታዊዎቹ ላይ ጥፋቱ ይከፋል። አንዳንድ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወይም በመስቀሉ ላይ በወርቅ ተለብጠዋል። መዳብ ላይ ወርቅ መለበጥ በዚያ ዘመን ሳንቲም ላይ እጅግ ብርቅ ጥበብ ነው። አንድ ጊዜ በአሸዋ ቢታሽ ያ ወርቅ አይመለስም። እንዲህ ያለ ነገር ከመሬት ካገኛችሁ አታጥቡት፣ አትሽጡትም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

አረንጓዴ ነገር ሲታይስ? ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራ፣ ለስላሳና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ ፓቲና ነው፤ ተዉት። ፈዘዝ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ፣ ነጠብጣብ የሠራ ከሆነ ግን አደጋ አለ። "የነሐስ በሽታ" ይሉታል። ከአፈር ወይም ከላብ የገባ ጨው መዳቡ ውስጥ ተቀምጦ እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ መዳቡን ይበላል፣ ከዚያም ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ሳንቲሙ ከውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ነካ አድርጉት፤ እንደ ዱቄት ከተነሳ እሱ ነው። ከሌሎቹ ለዩት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ አድርጉና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ውድ ነገር ከሆነ ለባለሙያ አሳዩ። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስም አይመከርም፤ ቀስ በቀስ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይተፋል።

ዋጋው ላይ ብርቅነት ከደረጃ ይቀድማል። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የጃንሆይ ሳንቲሞች ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ (1936) ሳይቀየር ለአሥርት ዓመታት ተመትቷል፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲሶቹን እስኪያወጣ ድረስ። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አይቶ ሚሊዮን የሚጠይቅ ሻጭ ቢገጥማችሁ አትመኑት። ያለቀ አምስት ሳንቲም በየቤቱ አለ።

ስሙኒ (ሃያ አምስት ሳንቲም) ግን ታሪክ አላት። መጀመሪያ የወጣችው ስሙኒ ክብ ነበረች፤ መጠኗም ከብር ከተሠራው አላድ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር ይቀራረብ ነበር። ሰው በብር እየለበጠ እንደ አላድ ያሳልፋት ጀመር። በ1952 እ.ኤ.አ. ገደማ ክቧ ተሰብስባ ጠርዟ ሞገድ የሠራው ተተካች። ሞገደኛዋ እንደ ልብ ትገኛለች፤ ክቧ ብርቅ ናት። ስለዚህ የተጎዳች ክብ ስሙኒ ከአንዲት ያማረች ሞገደኛ በዋጋ ትበልጣለች።

ከአክስቴ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጠቆሩት መሃል አንዲት ክብ ወጣች። ግራጫ ነገር ስለሸፈናት አክስቴ አላድ ነበር የመሰላት። በመነጽር ሳያት የጃንሆይ አፍንጫ ጫፍ ላይና ጸጉሩ ላይ ብሩ አልቆ ቀዩ መዳብ ብቅ ብሏል። በሚዛኑ ሕግ ይህች የተጎዳች ናት፣ ቁጥር አይሰጣትም። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ ይዣታለሁ። ለብቻዋ በወረቀት ፖስታ አድርጌ ላዩ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ስሙኒ። ክብ። በብር የተለበጠች። አትታሽም።"