«ሙቀት ያደክማል እንጂ አይገድልም»? ስለ አየር ንብረት ለውጥና ጤና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የአየር ንብረት ለውጥ የሚቀልጥ በረዶ ጉዳይ ነው፤ ከጤናዬ ጋር ምን አገናኘው?»

በጣም ያገናኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2030 እስከ 2050 በየዓመቱ 250,000 ያህል ተጨማሪ ሰዎች ይሞታሉ ብሎ ገምቷል። ያውም የምግብ እጥረትን፣ ወባን፣ ተቅማጥንና ሙቀትን ብቻ ቆጥሮ ነው።

«ሙቀት ያደክማል እንጂ አይገድልም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አየሩ እርጥበት ካዘለ ላቡ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ልብ ደግሞ ሙቀቱን ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ ለመግፋት ይታገላል። ልቡ የደከመ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። የሞት ምክንያቱ «የልብ ሕመም» ተብሎ ይጻፋል፣ የሙቀቱን ስም የሚያነሳ የለም። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ሰውነት የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል። አረጋውያን ውሃ ጥሙ ቶሎ ስለማይሰማቸው «አልጠማኝም» ቢሉም ውሃ ማቅረብ ያስፈልጋል።

«ቬንትሌተር ካለ ችግር የለም»

የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ቬንትሌተር ትኩስ አየር እየነፋ ሰውነትን ጭራሽ ያሞቃል። ያኔ ቆዳን በውሃ ማራስ ይሻላል።

«ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ ደጋ አይደርስም»

ብርዱ ደጋውን ሲጠብቅ የኖረው በምክንያት ነው። የወባ ተሕዋስ ትንኟ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲበርድ እድገቱ ይጓተታል ወይም ይቆማል። ደጋው ሲሞቅ ያ አጥር ይላላል። በሽታውን የማያውቅ አካባቢ ሕዝብ ደግሞ የመቋቋም አቅም ስላላዳበረ አዋቂውም ሕፃኑም ክፉኛ ይታመማል። እርግጥ ሁሉም ቦታ ወባ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ በጣም በሚደርቅ አካባቢ ትንኟ መራቢያ ታጣለች። ዴንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን የምትነክሰው በዋናነት ቀን ነው። የምትራባውም በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይበቃም። በርሜሉን መክደን፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ የቆመውን ውሃ መድፋት ያስፈልጋል።

«ወጣትና ጠንካራ ከሆንኩ አይነካኝም»

ፀሐይ ላይ የሚሠራ ጎበዝም ይወድቃል። ሲሠራ የነበረ ሰው ድንገት ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ «ትንሽ ይረፍ» ብላችሁ አትተዉት። ወደ ጥላ አስገቡት፤ ልብሱን አላሉለት፤ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት፤ አምቡላንስ ጥሩ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ውሃ አትጨምሩ።