ቦልግራድ፦ የቡልጋሪያ ስደተኞች ያቀኗት ከተማ

ቦልግራድ በደቡብ ምዕራብ ዩክሬን፣ በኦዴሳ ክፍለ ሀገር፣ በያልፑግ ሐይቅ ራስጌ የምትገኝ የ15 ሺህ ሰው ገደማ ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ ትልቁን ድርሻ የያዙት ቡልጋሪያውያን ናቸው፤ ዩክሬናውያን፣ ሩሲያውያን፣ ጋጋውዞችና ሞልዶቫውያንም አብረው ይኖራሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡጃክ የሚባለው ይህ ሜዳ ቀድሞ የኖጋይ ታታሮች የከብት ማሰማሪያ ነበር። በ1806 የሩሲያና የኦቶማን ጦርነት ሲጀመር ኖጋዮቹ ከአገራቸው ተነቀሉ፤ በ1812ቱ የቡካሬስት ውል ቡጃክን የሚያካትተው የቤሳራቢያ ምድር ለሩሲያ ሆነ። ዳኑብን ተሻግረው ከኦቶማን ግዛት የሸሹ ቡልጋሪያውያንና ጋጋውዞች የሰፈሩት በዚሁ ሰው በለቀቀው መሬት ላይ ነው። የሰፋሪዎቹ ታሪክ ሲነገር ኖጋዮቹ ሊዘነጉ አይገባም። ጋጋውዞች ቱርክኛ ቀመስ ቋንቋ የሚናገሩ ኦርቶዶክሶች ሲሆኑ አመጣጣቸው እስካሁን ያከራክራል።

የሰፋሪዎቹ የበላይ ጠባቂ ጄኔራል ኢቫን ኢንዞቭ ነበሩ። በ1819 በወጣው ድንጋጌ ለአንድ ቤተሰብ 60 ዴስያቲና፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ተሰጠ፤ ሰፋሪዎቹ ከውትድርናም ነጻ ተደረጉ። ከተማዋ በ1821 ተቆረቆረች። ከ1828–29ኙ ጦርነት በኋላ ሌላ ብዙ ሕዝብ መጣ። በአርክቴክት አቭራም ሜልኒኮቭ ንድፍ የተሠራው የደብረ ታቦር ካቴድራል በ1838 ተጠናቀቀ። ኢንዞቭ በ1845 ኦዴሳ ላይ ሲሞቱ ሕዝቡ አስከሬናቸውን በዓመቱ ወደ ቦልግራድ አፈለሰ፤ እስከ ከተማዋ ድረስ በትከሻ ተሸክመው እንዳመጡት ይነገራል።

ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ በ1856ቱ የፓሪስ ጉባኤ ደቡብ ቤሳራቢያ ኋላ የሩማንያ አካል ለሆነችው ለሞልዳቪያ ተመለሰች። በካርታው ላይ ቦልግራድ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች በመኖራቸው ኃያላኑ ተጨቃጨቁ፤ በ1857 ግን ከተማዋ ለሞልዳቪያ ተወሰነች። ሰፋሪዎቹ በዚህ ጊዜ የለመኑት ትምህርት ቤት ነበር። የሞልዳቪያ እንደራሴ ኒኮላይ ቮጎሪዴ፣ እሳቸውም የቡልጋሪያ ዘር ያላቸው ናቸው፣ በ1858 የመመሥረቻውን ቻርተር ፈረሙላቸው። ትምህርት በቀጣዩ ዓመት ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ርእሰ መምህራን አንዱ በርሊን ላይ በፊዚክስ ዶክትሬት የተቀበሉት ዲሚታር ሙቴቭ ነበሩ። በ1861 ትምህርት ቤቱ የራሱ ማተሚያ ቤት ነበረው፤ በኦቶማን አገዛዝ ሥር ላሉ የቡልጋሪያ ልጆች መማሪያ መጻሕፍት ከዚያ ይወጡ ነበር። የመጀመሪያው የቡልጋሪያ ጂምናዝየም (ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) የመሆንን ክብር በቡልጋሪያ ያለችው የጋብሮቮ ከተማ ሰዎች ለራሳቸው ይወስዳሉ። የእነሱ ትምህርት ቤት በ1835 ቢከፈትም ሙሉ ጂምናዝየም የሆነው በ1872 ስለሆነ ክብሩን ለቦልግራድ የሚሰጡም አሉ።

ፍሬውም ታየ። ቡልጋሪያ በ1878 በኦቶማን የበላይነት ሥር ራስ ገዝ መንግሥት ስትሆን ካገለገሏት የተማሩ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህች ትንሽ ከተማ የወጡ ናቸው። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዲሚታር ግሬኮቭ የቦልግራድ ተወላጅ ናቸው፤ በ1908 ሙሉ ነጻነት ሲታወጅ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አሌክሳንዳር ማሊኖቭ የተወለዱት በአቅራቢያዋ መንደር ነው። በ1885 ፕሎቭዲቭ ላይ ለአገሪቱ መዋሐድ ጦር የመሩት ዳናይል ኒኮላዬቭም የቦልግራድ ልጅ ናቸው።

ሁሉም ግን አልረጋም። ሰፋሪዎቹ ለውትድርና መጠራታቸውን በመቃወማቸው በ1860 ግጭት ተነሣ፤ በተከታዮቹ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ አዞቭ ባሕር ዳርቻ ፈለሱ። እዚያም የተሰጣቸው ኖጋዮች የለቀቁት መሬት መሆኑ ያሳዝናል።

ከተማዋ በ1878 ወደ ሩሲያ፣ በ1918 ወደ ሩማንያ፣ በ1940 እና ዳግም በ1944 ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረች። የ1946–47 ረሃብ አካባቢውን ክፉኛ ጎድቶታል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በቡልጋሪያዊው አብዮተኛ በጊዮርጊ ራኮቭስኪ ስም ይጠራል።

ባህሉ በጓዳ ጸንቷል። ሚሊና የሚባለው ምግብ ሊጡ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ተዘርግቶ ዘይት ይቀባል፤ ጨው ያለው አይብ ይፈረፈርበትና ተጠቅልሎ በትሪ ላይ እንደ እባብ ይጠመጠማል፤ የተመታ እንቁላልና ወተት ፈስሶበት ምድጃ ይገባል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ጠቦት ታርዶ ከስንዴ ቅንጬ ጋር ይበስላል፤ ጎረቤት ዘር ሳይለይ ይጠራል። ስሙ «ኩርባን» ነው። ቃሉ በቱርክኛ በኩል ከዐረብኛ ደርሷቸው እንጂ ከእኛው «ቁርባን» ጋር አንድ ሥር ነው።