የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመድ ምሕንድስና

አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን በዘላቂነት ያገናኘው የባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ እ.ኤ.አ. በ1866 ከአየርላንድ ቫለንሺያ ደሴት ተነሥቶ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሃርትስ ኮንተንት ከተባለች መንደር ደረሰ። እምብርቱ የተገመዱ ሰባት የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። መዳቡን ከውሃው የሚለየው ጉታ ፐርቻ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅሉ ዛፎች የሚገኝ ሙጫ፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በቀዝቃዛው ጥልቅ ባሕር ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ከላይ የተጠመጠመው የብረት ሽቦ ገመዱ ሲዘረጋ እንዳይበጠስ ያጠነክረዋል።

ከጥንካሬው ይልቅ መሐንዲሶቹን የፈተናቸው የኤሌክትሪኩ ጠባይ ነበር። መዳቡ በውስጥ፣ ጨዋማው ውሃ በውጭ፣ ሙጫው በመካከል ሲሆኑ ገመዱ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ስለዚህ በቅጽበት የተላከ ምልክት ማዶ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይጎላል፣ ቀስ ብሎም ይደበዝዛል፤ ተከታዩ ከፈጠነ ሁለቱ ይደባለቃሉ። የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን አሰላ፤ መፍትሔውም መዳቡንና ሙጫውን ማወፈር እንደሆነ አሳየ።

ከዚያ ቀደም በ1858 የተዘረጋው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ገመድ ግን ቀጭን ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያ የ98 ቃላት መልእክት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ገመዱን ያዘረጋው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ኋይትሃውስ ምልክቱን በጉልበት ለማሻገር ወደ 2,000 ቮልት የሚገመት ኃይል ለቀቀበት። አሠራሩም አያያዙም ጉድለት ስለነበረበት ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ያ ኃይል የተጎዳውን ገመድ ይብሱን አዳከመው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ጸጥ አለ። በ1859 በቀይ ባሕር የተዘረጋውም ገመድ ብዙ ሳይቆይ በመበላሸቱ የብሪታንያ መንግሥት የጋራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ቶምሰን የመረጠው በደካማ ጅረት ልኮ በስሱ መሣሪያ መቀበልን ነበር። በሠራው መሣሪያ ውስጥ ማግኔት የተለጠፈባት ትንሽ መስተዋት የመብራት ጨረር ታንጸባርቃለች፤ ተቀባዩም የብርሃኗን ነጥብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዝ እያየ ያነባል።

በ1866ቱ ገመድ የመዳቡ ክብደት በአንድ የባሕር ማይል ከ49 ወደ 136 ኪሎ ግራም አደገ። የዘረጋችው ግዙፏ መርከብ ግሬት ኢስተርን ነበረች። በ1865 ተበጥሶ የሰጠመውንም ገመድ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆን ጥልቀት በመንጠቆ አውጥታ ቀጠለችው። ከዚያ መሐንዲሱ ላቲመር ክላርክ ሁለቱ ገመዶች ኒውፋውንድላንድ ላይ እንዲጋጠሙ አደረገና እርሱ ቫለንሺያ ሆኖ፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ በሚያደርጋት ትንሽ የብር ቆብ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አሲድ ጨምሮ ባትሪ ሠራ። ከዚያች ባትሪ የተነሣው ምልክት ውቅያኖሱን ደርሶ መልስ አቋርጦ በመሣሪያው ላይ በግልጽ ታየ።