ተደጋጋሚ ቅዠትና ጭንቀት፦ ከእርዳታ የሚያዘገዩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኙ አይታደርም» ቢባልም፣ በተደጋጋሚ ቅዠት የሚሠቃዩ ሰዎች የሚሞክሩት ይህንኑ ነው፤ መብራት አያጠፉም፣ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ስልካቸውን ሲነካኩ ያመሻሉ፣ ሲነጋም ደክመውና ተጨንቀው ሥራ ይገባሉ። እርዳታ ለመጠየቅ ግን ዓመታት የሚወስድባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የሚያዘገያቸውም ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

«ቅዠት የመንፈስ ሥራ ስለሆነ ሐኪም አይመለከተውም።»

ቅዠት በአብዛኛው የሚመጣው ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ወደ ንጋት ስለሚረዝም ብዙዎች የሚባንኑት ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ነው። «ዱካክ ተጫነኝ» የሚባለውም አእምሮ ነቅቶ ሳለ ጡንቻዎች ከእንቅልፉ ገና ሳይላቀቁ ሲቀሩ የሚፈጠር ነው፤ ጫት ሲያዘወትሩ የቆዩ ሰዎች ባቋረጡ ሰሞን ክፉ ሕልም እንደሚበዛባቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ይህን ማወቅ ጠበል መጠመቅን ወይም ዱዓ ማስደረግን አይከለክልም፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ማስረዳታቸው የሚታወስ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ ለሌላው ሲባል ሲቋረጥ ነው።

«እርዳታ መጠየቅ ማለት አማኑኤል መተኛት ነው።»

በቅዠትና በጭንቀት ምክንያት አልጋ ይዞ መተኛት እምብዛም አያስፈልግም፤ አማኑኤልም ቢሆን ብዙ ሰው የሚታከመው በተመላላሽ ነው። በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ባለሙያው ቅዠቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋ ወይም ሐዘን መኖሩን ይጠይቃል። የሚወሰደውንም መድኃኒት መንገር ያስፈልጋል፤ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል እንዲሁም የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ኤፋቪሬንዝ ቅዠት ሊያመጡ ይችላሉና። በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም።

«ክፉ ሕልምን መናገር ያባብሰዋል።»

ለተደጋጋሚ ቅዠት ከሚመከሩት ሕክምናዎች ዋነኛው የቆመው በዚህ ተቃራኒ ላይ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት በተቆለፈባት ክፍል ውስጥ በር ስትደበድብ በየሌሊቱ ታያለች እንበል። ባለሙያው ሕልሙን ቀን ላይ እንድትጽፈው፣ ቀጥሎም የሚያስጨንቀውን ክፍል እንደ ፈቀደች እንድትለውጠው ይጠይቃታል፤ ቁልፉ ከቀሚሷ ኪስ ሊገኝ፣ በሩም በእናቷ ግቢ ሊከፈት ይችላል። ለውጡ የግድ እውነት እንዲመስል አያስፈልግም። ከዚያ አዲሱን ሕልም በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ኅሊናዋ ትለማመደዋለች፤ በዚህ መንገድ ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅዠቱ እየራቀ ይሄድላቸዋል። የደረሰባትን ሁሉ መዘርዘር ግዴታዋ አይደለም። ለሰማ ሁሉ ማውራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕልም ፈቺ ነኝ ባይ ጎረቤት «ይህማ ሞት ነው» ካላት በፍርሃት ላይ ፍርሃት ይጨምርባታል።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል።»

ግማሹ እውነት ነው። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጥገኛ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከዘመድ ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። ለጭንቀት በብዛት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ግን እንዲህ ዓይነት ሱስ አያስይዙም፤ ለውጣቸው የሚታየውም ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥላቸው ይህን ማንም ስላልነገረው ነው፤ ጥፋቱም የታካሚው አይመስለኝም።

«ትንሽ መጠጥ ያስተኛል።»

ያስተኛል፤ ነገር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጣል፣ ሕልሙንም ያበረታል።

«ጊዜ ይሽረዋል።»

ከጦርነት፣ ከመኪና አደጋ ወይም ከድንገተኛ ሐዘን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ቅዠት መብዛቱ የሚጠበቅ ነው፤ በብዙዎች ዘንድም በራሱ ይረግባል። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ሰውየው እንቅልፍን ራሱን መፍራት ከጀመረ መታየት አለበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድና ብቻውን አለመተው ያስፈልጋል። ቤተሰብም በግልጽ ሊጠይቀው ይገባል፤ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ አያስገባም።