የተግባር መማሪያ ቦታ ምንድን ነው?

የተግባር መማሪያ ቦታ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ማሽን ነው። ስሪዲ ፕሪንተር፣ ሌዘር መቁረጫ፣ ቶርኖ፣ ብየዳ። ትምህርት ቤቱ በጀት ያገኛል፣ ማሽኖቹ ይገዛሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በሩ ይቆለፋል፣ ቁልፉም አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ተማሪው በሳምንት አንዴ ተሰልፎ ይገባና ማሽኑን ከሩቅ አይቶ ይወጣል። ይህ ክፍል ስሙ ወርክሾፕ ነው፣ ሥራው ግን ሙዚየም ነው።

እና ምንድን ነው? የተግባር መማሪያ ቦታ ማለት ተማሪው አንድ ነገር አስቦ፣ ሠርቶ፣ አበላሽቶ፣ ለምን እንደተበላሸ አውቆ እንደገና መሥራት እንዲችል ታስቦ የተዘጋጀ ቦታ ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። አንዴ መሞከርማ ተራ ክፍል ውስጥም ይቻላል። ሁለተኛ ለመሞከር ግን ጊዜ፣ ዕቃ፣ ባዶ ጠረጴዛና የመጀመሪያውን ሥራ ማስቀመጫ ይጠይቃል። እኔ አንድን ቦታ የምመዝነው በዚህ ነው። የተማሪው ሥራ ዛሬ ቢበላሽ፣ ሁለተኛውን ሙከራ መቼና የት ይጀምራል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሙከራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለልጆች የሚሆን ጠረጴዛና ወንበር ፍለጋ የከተማውን የትምህርት ዕቃ መደብሮች እንደዞረ ይተርካል። የሚፈልገው ዓይነት የለም። በመጨረሻ አንድ ነቃ ያለ ሻጭ ነገሩ ገባው። እርስዎ የፈለጉት ልጆች የሚሠሩበት ነው፣ እኛ ጋ ያለው ግን በሙሉ ለማዳመጥ የተሠራ ነው አለው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ብዙ ክፍሎች ያው ናቸው። ወንበሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሯል፣ ጠረጴዛው ለደብተር ብቻ ይበቃል፣ ሶኬቱ ያለው አስተማሪው ጋ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል አስተማሪው ገና ሳይናገር ለተማሪው አንድ ነገር ይነግረዋል፦ ተቀመጥ፣ ስማ።

ወርክሾፕን ወደ ትምህርት ቤት በሥርዓት ካስገቡት ሰዎች አንዱ ቪክቶር ዴላ ቮስ ነው። በሞስኮ ኢምፔሪያል የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1868 የጀመረው አሠራር ቀላል ይመስላል። የመማሪያ ወርክሾፑን ከማምረቻው ወርክሾፕ ለየ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የመሥሪያ ጠረጴዛና መሣሪያ ሰጠ። ሙያውን በትናንሽ ደረጃዎች ከፋፈለው፦ መጀመሪያ ሞረድ አያያዝ፣ ቀጥሎ መገጣጠም፣ እያለ ይቀጥላል። ቀድሞ የሙያ ትምህርት ማለት ለዓመታት ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ ማየት ነበር። አሁን ግን አንድ አስተማሪ ብዙ ተማሪዎችን አብሮ ማስተማር ቻለ። ሥራው በ1876 በፊላዴልፊያው ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲታይ፣ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም የያኔ ፕሬዚዳንት ጆን ራንክል ሐሳቡን ወዲያው ወደ ተቋሙ ወሰደው። በሴንት ሉዊስ ደግሞ ካልቪን ውድዋርድ በ1879 በዚሁ መንፈስ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ይህ አሠራር ግን ዋጋ አስከፍሏል። ተማሪው የሚሠራው ለልምምድ ብቻ የሆነ ብረት ነው። ልኩ ይታያል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይጣላል። የሚጠብቀው ሰው የለም፣ የሚገጠምበት ቦታም የለም። ማንም የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አንዴ ከተሠራ አለቀ። ነጥቡን የያዘ ተማሪ ለምን ይደግመዋል?

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ምሳሌ በአላባማ አለ። በ1881 የተመሠረተው ተስኪጊ የተባለ የጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት ቤት ሕንጻዎቹን የሠራው በተማሪዎቹ ጉልበት ነው። ጡብ ያስፈልግ ነበር፣ ጡቡንም ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። የጡብ ማቃጠያው ሦስት ጊዜ ከሸፈ። መሪው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ለአራተኛው ሙከራ ገንዘብ ለማግኘት ሰዓቱን አስያዘ። አራተኛው ሠራ። ቆይቶ የአካባቢው ሰው ሳይቀር ጡብ ሊገዛ ይመጣ ጀመር። እዚያ ተማሪው ደጋግሞ የሚሞክረው ነጥብ ፍለጋ አይደለም። ግድግዳው ጡብ ይጠብቃል።

ይህን ስል ልምምድ ይቅር ማለቴ አይደለም። ብየዳ የሚማር ሰው መጀመሪያ ብዙ የማይረባ መስመር መበየድ አለበት፣ ነርስ የምትሆን ልጅም መርፌ የምትጀምረው በአሻንጉሊት ክንድ ላይ ነው። ጥሩ ቦታ ግን ሁለቱንም ይይዛል። ለልምምድ የሚሆን ማዕዘን አለው፣ እውነተኛ ተቀባይ ላለው ሥራ የሚሆን ወለልም አለው። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሪነት በ1994 የተጀመረው የመማሪያ ፋብሪካ የተነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው፦ የምህንድስና ተማሪዎች ከድርጅቶች የመጣ እውነተኛ ችግር ይዘው ይሠራሉ።

ዛሬ በብዛት የሚሰማው ስም ፋብ ላብ ነው። መነሻው በኤም አይ ቲ ኒል ገርሸንፌልድ በ1998 የጀመረው «ማንኛውንም ነገር (ማለት ይቻላል) እንዴት መሥራት ይቻላል» የተባለ ኮርስ ነው። ለጥቂት ተመራማሪዎች ታስቦ ነበር፣ ምንም የምህንድስና ዕውቀት የሌላቸው ተማሪዎች ግን ጎረፉበት። ከዚያ የወጣው ሐሳብ ተመሳሳይ የመሠረታዊ ማሽኖች ስብስብ በብዙ ከተሞች ማስቀመጥና ንድፉን በኢንተርኔት መጋራት ነው። አንዱ ጋ የተሳለ ሌላው ጋ ይቆረጣል። ማሽኑ ሲነሳ ሁሉም ይደነቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሩ ነው፦ ከመደበኛ ተማሪ ውጭ ላለ ሰውም ክፍት የሚሆንበት ሰዓት እንዲኖር መጠየቃቸው።

አሁን ወደ ክፍሉ ራሱ እንግባ። እዚህ ጋ ነው ሥራው ያለው።

የመጀመሪያው ነገር ጎረቤትነት ነው። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ? የእንጨት ብናኝ ኮምፒውተርና ቀለም ቅብ ይጎዳል። ብየዳ ብልጭታውም ጨረሩም ዓይን ይጎዳል፣ ስለዚህ መጋረጃ ወይም የራሱ ክፍል ይፈልጋል። የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ንጹህ ጠረጴዛና ጸጥታ ይወዳል። ስለዚህ ቦታው ከቆሻሻው ወደ ንጹሁ፣ ከጫጫታው ወደ ጸጥታው በደረጃ ይደረደራል። ግን ሁሉንም በግድግዳ ማጠር ሌላ ችግር ያመጣል። አስተማሪው አንድ ቦታ ቆሞ አደገኛ ማሽኖቹን በሙሉ ማየት ካልቻለ፣ ወይ ማሽኖቹ ይቆማሉ ወይ ሰው ይጎዳል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መስታወት ነው። ድምፁን ይይዛል፣ ዓይንን ግን አይከለክልም። በዚያ ላይ ኮሪደር ላይ የሚያልፈው ተማሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያያል። ብዙ ልጅ ወደ ሙያ የሚሳበው እንዲህ ሲያልፍ አይቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ድምፅን በግምት አይተዉትም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ደግሞ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ተማሪ ጆሮ መከላከያ ያደርጋል፣ እሺ። ጆሮውን የደፈነ ሰው ግን ማብራሪያ አይሰማም። ስለዚህ ከማሽኑ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሩ የሚዘጋ፣ ነጭ ሰሌዳ ያለው የመነጋገሪያ ቦታ ያስፈልጋል። የተበላሸው ምኑ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህ ክፍል ወለሉ ባዶ ስለሚመስል በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። እኔ ብሆን አንድ ማሽን ሰርዤ እሱን አተርፋለሁ።

አየርም እንዲሁ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ መምጠጫው ከመጋዙ ጋር አብሮ ይገዛል እንጂ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ሌዘር መቁረጫ ላይ ፒቪሲ ፕላስቲክ አይቆረጥም፣ የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል። ኬሚካል ካለ የዓይን ማጠቢያ ይኖራል። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ መስፈርት በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበትና ለ15 ደቂቃ ውሃ የሚያፈስ እንዲሆን ይጠይቃል። ዓይኑ የተቃጠለ ሰው በሩን ከፍቶ ደረጃ ወርዶ አይደርስም። መብራቱን በተመለከተ የአውሮፓ መስፈርት ለማስተማሪያ ወርክሾፕ 500 ሉክስ፣ ለቴክኒክ ስዕል ክፍል 750 ሉክስ ይላል።

ኤሌክትሪክ ከላይ ቢመጣ ይመረጣል። ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ጠረጴዛው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መሃሉ ባዶ ይቀራል፣ ወይም ወለሉ በኤክስቴንሽን ገመድ ይሞላል። ከጣሪያ የሚወርድ መስመር ካለ ጠረጴዛውን እንደ ሥራው ማዘዋወር ይቻላል። የሁሉንም ማሽን ኃይል ባንዴ የሚቆርጥ ቀይ ቁልፍም ከአንድ ቦታ በላይ ይኑር፣ አደጋ ቁልፉ አጠገብ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ጎማን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የዘመኑ ፋሽን ሁሉን ነገር ጎማ ላይ ማድረግ ነው። ለመነጋገሪያ ጠረጴዛና ለሰሌዳ ጥሩ ነው። ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ ግን በሞረድ ሲገፉት አብሮ ከሄደ ምን ዋጋ አለው? ተንቀሳቃሽነት ጥሩ ነው፣ ግን የሚንቀሳቀሰውን መምረጥ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ማንም የማይወደው ርዕስ፦ ማስቀመጫ። ንድፍ ሲሳል ሁሌም ይረሳል። ሰላሳ ተማሪ ወንበር ቢሠራ ሰላሳ ያላለቀ ወንበር አለ። ከሰዓት ሌላ ክፍል ይገባል። ወንበሮቹ የት ይሂዱ? ቦታ ከሌለ አስተማሪው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሥራውን ያሳንሰዋል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ያሠራል። እንዲህ አድርጎ የመደርደሪያ እጦት ሥርዓተ ትምህርቱን ይቀይረዋል፣ ስብሰባ ሳይጠራ። ሁለተኛ ሙከራም የለም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሥራ ወይ ተጥሏል ወይ ተሰባብሯል። የመሣሪያው ማስቀመጫም ለየት ይላል። እያንዳንዱ ካቻቢቴና ፒንሳ ግድግዳ ላይ የራሱ ቅርጽ ከተሳለለት፣ የጎደለው ከሩቅ ይታያል። ቆጠራ አያስፈልግም፣ ጥርጣሬም አይኖርም። እንዲህ ሲሆን ነው መሣሪያው ከተቆለፈ ሳጥን መውጣት የሚችለው።

ለሙያ የሚያዘጋጅ ቦታ ከሆነ ደግሞ የሥራ ቦታውን አካሄድ መምሰል አለበት። የምግብ ዝግጅት ተማሪ ጥሬው በአንድ በኩል ገብቶ የበሰለው በሌላ በኩል የሚወጣበትን ኩሽና መልመድ አለበት። የነርስ ተማሪ አልጋው ዙሪያ ከሦስት ሰው ጋር ሳትጋጭ መሥራትን ትማራለች። የመኪና ጥገና ተማሪ ሥራ ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ለባለቤቱ ማስረዳትን ይለማመዳል፤ ስለዚህ ጋራዡ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛም ይኑረው። ወጥመዱ ግን እዚሁ አለ። የአንድን ድርጅት የዛሬ መስመር ቀድቶ በሲሚንቶ ማሰር አደገኛ ነው። ማሽን ያረጃል፣ ሙያውም ይለወጣል፣ ሕንጻው ግን ይቆያል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የኤም አይ ቲ ሕንጻ 20 ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1943 ለጊዜው ተብሎ በእንጨት ተሠራ፣ እስከ 1998 ድረስ ቆመ። አያምርም፣ በበጋ ይሞቃል፣ በክረምት ይበርዳል። ተመራማሪዎቹ ግን ወደዱት፣ ምክንያቱም ግድግዳ መብሳትም ሆነ ማፍረስ ሲፈልጉ ማንም አይከለክላቸውም። ውድና ያማረ ክፍል ብዙ ጊዜ ይህ ይጎድለዋል። ሰው መቧጨሩን ይፈራል።

የመጨረሻው ነገር ሰው ነው። ማሽን የሚጠግን፣ ስለት የሚስል፣ ዕቃ ሲያልቅ የሚያዝ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሩን የሚከፍት ሰው ደመወዝ ከሌለው ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የተበላሸ ማሽን ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ሲወይብ አይታችሁ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው መለዋወጫ ሳይሆን ኃላፊነቱ የተሰጠው ሰው ነው።

በጀቱ ትንሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የዚያ ሰው ደመወዝ። ከዚያ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ በቂ ኤሌክትሪክ፣ አየር፣ መደርደሪያ። ከዚያ ጥሩ የእጅ መሣሪያ፣ ለሁሉም የሚበቃ። ማሽን ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ አንድ በአንድ፣ ተማሪዎቹ በእጃቸው እየሠሩ የት ጋ እንደሚቸገሩ ከታየ በኋላ። ከወለሉም የተወሰነው ክፍል ምንም ሳይተከልበት ባዶውን ይቆይ።