«የራስ መዋጮ 20 በመቶ» ማለት ብር አምጡ ማለት ነው?

ከለጋሽ ድጋፍ ስትጠይቁ የማመልከቻው ቅጽ እናንተም ከወጪው ድርሻችሁን እንድትሸፍኑ ሲጠይቅ ነው ይህ ጥያቄ የሚነሳው። የግድ ብር አይደለም። ቅጹ «በጥሬ ገንዘብ» ብሎ ካልወሰነ አብዛኛውን ጊዜ በዓይነትም፣ ማለትም በዕቃ ወይም በሥራ፣ ይሆናል።

አንድ የተማሪዎች ክበብ ለትምህርት ቤቱ የጎመን፣ የካሮትና የሽፈራው ጓሮ 20,000 ብር ድጋፍ ጠየቀ እንበል። 20 በመቶው ከጠቅላላው ወጪ ከሆነ ጠቅላላው 25,000፣ መዋጮው 5,000 ነው፤ ከድጋፉ ከሆነ ግን 4,000። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚችው ጋ ነው።

ወላጆች ያመጡት ፍግ 2,000፣ የአጥር እንጨት 1,800፣ በነፃ የሠራ አናጢ ጉልበት በቀን 600 ሒሳብ ለ2 ቀን 1,200፦ 5,000 ሞላ። ሁሉም በአካባቢው ገበያ ዋጋ ተተምኖ፣ በስምና በፊርማ ይመዝገብ። በድጋፉ ብር የተገዛውን አካፋ መልሶ መዋጮ ውስጥ ማስገባት ግን አይቻልም፤ አንዱን ዕቃ ሁለቴ መቁጠር ነው።

የተማሪዎች ጉልበት ከለጋሽ ለጋሽ ይለያያል፤ አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው አይቀበልም። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ።