ጄፈርሰን ካውንቲ፦ ግዛቱ ወደ ምዕራብ፣ ሥራው ወደ ምሥራቅ

ጄፈርሰን ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የምሥራቅ ጫፍ ነው። በሰሜን ፖቶማክ ወንዝ ከሜሪላንድ ይለየዋል። በምሥራቅ ብሉ ሪጅ ተራራ ላይ የቨርጂኒያ ወሰን አለ። ሼናንዶዋ ወንዝ ደግሞ ካውንቲውን አቋርጦ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ከፖቶማክ ጋር ይገናኛል። ያ መገናኛ የዌስት ቨርጂኒያ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 73 ሜትር ገደማ ብቻ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 57,701 ሰው ይኖርበት ነበር።

ይህን ካውንቲ ለመረዳት ከርቀት መጀመር ይሻላል። የግዛቱ ዋና ከተማ ቻርልስተን በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዋሽንግተን ዲሲ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፌዴራል መንግሥቱም ካውንቲውን የሚቆጥረው ከዋሽንግተን ከተማና አካባቢዋ ጋር ነው። ሕጉ የሚወጣው በምዕራብ ነው፣ እንጀራው ያለው በምሥራቅ።

ይህ አቀማመጥ የመጣው በሐዲድ ነው ማለት ይቻላል። የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር በ1830ዎቹ ሃርፐርስ ፌሪ ደረሰ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ለሰሜኑ ጦር የሕይወት ጉዳይ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ በ1863 ከቨርጂኒያ ስትገነጠል ጄፈርሰንና ጎረቤቱ በርክሊ በአዲሱ ግዛት እንዲካተቱ ከተፈለገበት ምክንያት አንዱ ይህ ሐዲድ ነው። ቨርጂኒያ ግን ዝም አላለችም። ሁለቱ ካውንቲዎች እንዲካተቱ ድምፅ የተሰጠው በጦር ጥላ ሥር ነው ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1871 ለዌስት ቨርጂኒያ ፈረደ። ዛሬ ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር ሠራተኞችን ወደ ዋሽንግተን የሚያመላልሰው በዚያው መስመር ነው። ካውንቲውን ከምዕራቡ ጋር ያሰረው ሐዲድ፣ በየጠዋቱ ሰዉን ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። ለእኔ የዚህ ቦታ ታሪክ ከዚህ በላይ የሚጠቀለልበት ነገር የለም።

የሥራ ጉዞው ቀላል አይደለም። ባቡሩ የሚነሳው ገና በማለዳ ነው፤ ያመለጠው መኪናውን ማስነሳት ነው። ዩኤስ 340 የሚባለው አውራ ጎዳና ሃርፐርስ ፌሪ አጠገብ ሼናንዶዋን ተሻግሮ ለአፍታ ቨርጂኒያ ይገባል፣ ከዚያ ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግዛት! መንገዱ በገደልና በወንዝ መሃል የተጣበቀ ስለሆነ ሌላ አማራጭ እምብዛም የለም። በ2023 መኸር የገደሉን ድንጋይ ለማጽዳት ለወራት ሲዘጋ፣ ሰዉ በሩቅ በሩቅ ዞሮ ነው ሥራ የገባው። ባቡሩም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2019 ሜሪላንድ ዌስት ቨርጂኒያ የወጪ ድርሻዋን ካልከፈለች አገልግሎቱ ይቀነሳል አለች። የአንድ ካውንቲ ሰው ጠዋት እንዴት ሥራ እንደሚገባ ሁለት ግዛቶች ተደራደሩበት።

ደመወዝና ግብር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ጋር የግብር ስምምነት አላት። ስለዚህ ደመወዙን ሜሪላንድ የሚያገኝ ሰው የገቢ ግብሩን የሚከፍለው ለሚኖርበት ግዛት ነው። ዋሽንግተን ዲሲም የውጭ ነዋሪን ደመወዝ አትቀርጥም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ የሚውለው ሰው፣ መንገዱ የሚሠራለት፣ ትምህርት ቤቱም የሚደገፍለት እዚያ ሩቅ ካለው ቻርልስተን በሚወጣ በጀት ነው። ቤት የገዛው ግን ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ነው። ተራራውን ተሻግሮ ያለው የላውደን ካውንቲ በአሜሪካ እጅግ ሀብታም ከሚባሉት አንዱ ነውና፣ እዚያ ያልቻለ ወደዚህ ይመጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ አንባቢዎች ይህ ስሌት አዲስ አይሆንም።

ካውንቲው ውስጥም ቢሆን ሰዉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቻርልስ ታውን (ቻርልስተን አይደለችም) የካውንቲው ዋና ከተማና የፍርድ ቤቱ መቀመጫ ናት፤ ባርነትን ለማስቀረት ሃርፐርስ ፌሪን በጦር መሣሪያ ያጠቃው ጆን ብራውን በ1859 የተዳኘውና የተሰቀለው እዚያ ነው። ከ1933 ጀምሮ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ አላት። ሼፐርድስታውን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ድልድይዋ በቀጥታ ሜሪላንድ ያስገባል። ከሼናንዶዋ ማዶ፣ ብሉ ሪጅ ላይ የሚኖረው ሰው ደግሞ የራሱ ካውንቲ ዋና ከተማ ለመድረስ ወንዝ መሻገር አለበት። ድልድዮቹ ሲዘጉ ከጎረቤት ቨርጂኒያ ጋር ይቀርባል። የተራራ ሰውና የሸለቆ ሰው የሚለው ልዩነት ከዚህ የሚመጣ ነው፤ የጠባይ ጉዳይ አይመስለኝም።

ነባሩና መጤው ግን የሚገናኙበት ጊዜ አለ። በ2018 ራንሰን ከተማ ላይ የድሮ የፖም እርሻ በነበረ መሬት ከድንጋይ የሙቀት መከላከያ የሚሠራው የሮክዉል ፋብሪካ ግንባታ ሲጀመር ትልቅ ተቃውሞ ተነሳ። ቦታው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርብ ነበርና የልጆች ጤና ጉዳይ ሁሉንም ነካ። የገበሬ ልጅም፣ ማታ ከዋሽንግተን የሚመለስ ሠራተኛም አብረው ወጡ። ግዛቱ በበኩሉ ፋብሪካውን የሥራ ዕድል ብሎ ደገፈ። በ2021 ሥራ ጀመረ።